የሚሄድና የሚያበላ

መልቀቂያዬን የጻፍኩት በሦስት መስመር ነው። ኃላፊዬ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አነበቡት።

"ማስተርስ ነው?"

"አዎ፣ አዲስ አበባ።"

"ከዚያስ?"

ለ"ከዚያስ" የሚሆን መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። ለመግቢያ ፈተናው ተዘጋጅቻለሁ። ለቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ቆጥቤያለሁ። "ከዚያስ" ግን ፈተናው ላይ አልመጣም። እሳቸውም ብዙ አላስጨነቁኝም፣ "እንግዲህ እግዜር ይርዳህ" ብለው ፈረሙ።

ባሕር ዳር ፖሊ ኮምፒውተር ምህንድስና ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ ደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ተኩል ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነበር፤ አብዛኛውን ቀን ግን ሌሎች ሠርተው የተዉትን ስጠግን ነው የምውለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደሞ ስለራሴ አንድ ነገር ተረዳሁ። አንድ ስሕተት ሲገጥመኝ ወዲያው ስልኬን አውጥቼ የምፈልግ ሰው ነበርኩ። ያ መንገድ ሲዘጋ እውቀቴ ማለት ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ። ያለውም ትንሽ ነበር። የማውቅ ይመስለኝ የነበረውን አብዛኛውን ነገር የት እንደሚገኝ ነበር እንጂ የማውቀው፣ ነገሩን አልነበረም። ልማር ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ችግሩ ብቻዬን አለመኖሬ ነው። ታናሽ እህቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ከገጠር መጥታ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው የምትኖረው። ኪራዩን፣ ደብተሩን፣ ዘይቱን የምችለው እኔ ነኝ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናታችን በደብረ ኤልያስ በኩል ያለችውን መሬት በእኩል እያሳረሰች ነው የምትኖረው። እኔ ሥራ ለቀቅሁ ማለት የእህቴ ጣራ ከላይዋ ተነሣ ማለት ነው።

ለእናቴ ስነግራት ቡና እየቆላች ነበር። መቁላቷን አላቋረጠችም። "አያትህ ሲሄዱ እንኳ ሌሊት ነው የሄዱ" አለችኝ። "አንተ ጭራሽ በቀን፣ እያየንህ።"

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያች ንግግሯ ምክንያት ነው።

*

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ በልጅነታቸው ከብት ጠባቂ ነበሩ። አባታቸው ልጁ ከዕርፍ እንዲርቅ አልፈለጉም። እሳቸው ግን ዳዊት ደግመው ነበር፤ ቅኔ የሚባል ነገር እንዳለም ሰምተዋል። አንድ ሌሊት ደበሏቸውን ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ጠፉ። "ጠፉ" የምለው እሳቸው ራሳቸው እንደዚያ ስለሚሉ ነው። በእኛ አገር ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ "ሄደ" አይባልም፣ "ጠፋ" ነው የሚባለው።

የት ነው የሚጠፋው? ይህን ጥያቄ መመለስ የሚቻለው የዱሮው ትምህርት በአንድ ቦታ እንዳልነበረ ሲታወቅ ነው። ፊደልና ንባብ፣ ዳዊትም ቢሆን፣ በየደብሩ ይገኛል። ከዚያ በላይ ያለው ግን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ተበታትኖ ነው የሚኖረው። ቅኔ የሚፈልግ ጎጃም ይመጣል፤ ዋሸራና ጎንጅ ሁለቱም እዚሁ ናቸው፣ ሦስተኛው የቅኔ መንገድ ወሎ ዋድላ ነው። ድጓ የሚፈልግ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል። ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አባ ይሄዳል። ቅዳሴ የሚያስመሰክር ወሎ ሰለልኩላ ወይም ትግራይ ደብረ ዓባይ ይደርሳል። አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ደሞ ጎንደር ነው። ሁሉን አዳርሶ ለመጨረስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይፈጃል ይባላል። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን አራቱንም የትርጓሜ ጉባኤ የጨረሰ ሰው "አራት ዓይና" ይባላል።

እንግዲህ በዚያ ዓለም ውስጥ "ከፍተኛ ትምህርት" እና "መንገድ" አንድ ነገር ናቸው። አንድ ደረጃ በጨረስክ ቁጥር ትነሣለህ። የምትነሣውም ወደ ከተማ አይደለም፣ ወደ ሰው ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ሲባል የሚሰማው የቦታ ስም ቢሆንም ተማሪው የሚጠይቀው "አሁን እዚያ ወንበሩ ላይ ያለው ማነው?" ብሎ ነው። መምህሩ ከሌለ ጉባኤው ይበተናል፤ ዛፉና ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ይቀራል።

አያቴ የቀሩት ቅኔ ቤት ነው። ስለ ቅኔ ቤት ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ተማሪው ቀን ላይ ለብቻው ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያሰላስላል፣ ይገጥማል። ከዚያ መጥቶ ለየኔታ በቃሉ ያቀርባል። ከሁለት መስመሩ ጉባኤ ቃና ይጀመርና እየተወጣ እየተወጣ ስምንት መስመር ያለው መወድስ ላይ ይደረሳል። የትናንቱን ዛሬ መድገም አይቻልም። የሌላ ሰው ማቅረብማ ጭራሽ አይታሰብም። የኔታ እዚያው በቆመበት ያርሙታል፤ ግሡን፣ ምሥጢሩን፣ ሰሙ ከወርቁ መግጠሙን። ወረቀት የለም። ሁሉ ነገር ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ድጓን በተመለከተ ያነበብኩት ነገር ደሞ ሙያዬን አስታወሰኝ። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በእጁ ይጽፋል። የሚያስመሰክረው ግን ቤተልሔም ሄዶ፣ እዚያ ባለው ዜማና ምልክት ተመሳክሮ ነው። በየአገሩ በሺህ እጅ የሚገለበጥ ነገር ስሕተት እንዳይወርሰው ሁሉም ከአንድ ምንጭ ጋር ይታያል ማለት ነው። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ለዚህ ጉዳይ የራሳችን መሣሪያ አለን፣ እንኮራበታለንም። እነሱ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በእግራቸው እየሄዱ ነው የሠሩት።

*

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ይወደዋልም። ስለ ቆሎ ተማሪ ስናወራ የምናወራው ስለሚሄደው ልጅ ነው። ደበሎው፣ አኮፋዳው፣ ጽናቱ። እኔም መልቀቂያዬን ስጽፍ ራሴን ከዚያ ልጅ ጋር ማመሳሰል ደስ ብሎኝ ነበር። የእናቴ ንግግር ከነከነኝና አያቴ ይሉት የነበረውን ሌላውን ግማሽ አስታወሰኝ።

አያቴን አንድ ቀን "ከሁሉ የከበደዎት ምን ነበር?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ቅኔው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። "ውሻ" አሉኝ።

የቆሎ ተማሪ ከትምህርት በኋላ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ዱላውን ይዞ በየመንደሩ ይዞራል። በየደጁ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። የሀብታም ልጅም ቢሆን ይለምናል፤ ልመናው ራሱ ትምህርት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ውሻው ይመጣል። ከውሻው ቀጥሎ የቤቱ እመቤት ትመጣለች። ቁራሽ እንጀራ፣ እፍኝ ቆሎ፣ ካለ ትንሽ ንፍሮ ትሰጠዋለች። ልጁ ወደ ጎጆው ይመለስና ያገኘውን ከጓደኞቹ ጋር ይቀላቅላል።

ስንቷ ሴት ናት በሕይወቷ ዘመን ለስንት ተማሪ የሰጠችው? ማንም አልቆጠረም። አንድ የቅኔ ጉባኤ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ካላበሉት አንድ ወር አይቆይም። ገበሬው ቅኔውን አይሰማም፤ በግእዝ ነው። ሰጪዋ ሴት ፊደል አልቆጠረችም። የራሷ ልጅ ምናልባት ሌላ አገር፣ በሌላ ሴት ደጅ ቆሟል። ለማታውቀው ልጅ ስትሰጥ ልጇን የማታውቃት ሴት እንድትሰጠው ያህል ነው። ተቋሙ ይኼ ነው። ሕንፃ የለውም፣ በጀት የለውም፣ ግን ለዘመናት ሊቃውንት አፍርቷል።

ይህን ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ተማሪ በተስቦ ይሞት ነበር። በረሀብ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ጦም አዳሪዎች ተማሪዎች ነበሩ፤ መንደሩ ራሱ ከሌለው ምን ይሰጣል? ብዙው ተማሪም አልጨረሰም። አያቴ ራሳቸው መወድስ ሳይሞሉ አባታቸው ሞቱ የሚል ወሬ ደረሳቸውና ተመለሱ። መሬቱን የሚያርስ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰዋል። "የተማረ ይግደለኝ" የሚለውን አባባል ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ እንጂ አይናገሩም ነበር። በደጃቸው የሚያልፍ ተማሪ ግን ባዶውን አልሄደም። የአያቴ ቤት ውሻ ሲጮህ ቀድመው የሚወጡት እሳቸው ነበሩ።

*

የሁለቱን ዓለም መንገድ በአንድ ሕይወት የሄዱ ሰው ከአገራችን አሉ። ሐዲስ አለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶር ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተማሩ። ከዚያ መኪና የሚያልፍበት ድልድይ ሳይኖር ዐባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ፤ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት ቀጠሉ። ተምረውም ወደ ጎጃም ተመለሱ። ዳንግላ በጉምሩክ፣ ደብረ ማርቆስ በትምህርት ቤት ሠሩ። ጦርነቱ መጣ፤ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፣ ተማረኩ፣ ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ።

ሕይወታቸውን ሳነብ እንደ ሙያዬ ሰው ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር 1947 ዓ.ም. አሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው ተገኝተዋል። የዲማ ተማሪ ስለ ሬዲዮና ስለ ቴሌግራፍ ሊነጋገር ተቀመጠ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የኢንተርኔት ምልክት ስጠብቅ ይህን አስብ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. "ፍቅር እስከ መቃብር" ሲታተም ዋናው ሰው በዛብህ ከማንኩሳ የተነሣ የቆሎ ተማሪ ነው፣ ዲማም ተምሯል። ሐዲስ ሎንዶን አምባሳደር ሆነው፣ ሚኒስትር ሆነው ኖረዋል፤ ልብ ወለዳቸውን ሲጽፉ ግን የተመለሱት ወደዚያ ጎጆ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የበዛብህ ወላጆች፣ ልጃቸውን አሳልፈው ሰጥተው የቀሩት፣ ትንሽ ቦታ አይደለም የተሰጣቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሆኜ ሳነበው የፍቅር ታሪኩን ነበር የምከተለው። ዘንድሮ ሳነበው የሚቀሩትን ሳነብ ራሴን አገኘሁት።

ከሐዲስ ትውልድ በኋላ የመንገዱ አቅጣጫ ተለወጠ። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቆጣጠር 1950 ዓ.ም. እንደ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው ደግሞ በ1978 ዓ.ም. ነው፣ በዚያው አቆጣጠር። ከዚያ በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ መሄድ ማለት ባብዛኛው ባሕር ማዶ መሄድ ነበር። ደብረ ማርቆስ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው በ1999 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ተማሪው ወደ መምህር መሄዱ ቀርቶ ወደ ከተማ መሄድ ጀመረ። የሚጠየቀውም ተለወጠ። ቅኔ ቤት የመጣ እንግዳ "ከማን ተማርክ?" ነው የሚባለው። እኔን "የየት ምሩቅ ነህ?" ነው የሚሉኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ወረቀት።

ወረቀቱን አልንቀውም። ወረቀት ባይኖር እኔን የሚያውቀኝ የለም፤ አያቴን መንደሩ ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ግን ከማመልከቻው በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። የትምህርት ክፍሉን መምህራን ሥራ አንድ በአንድ አነበብኩ። ጥያቄዬ ላይ የሠራ ሰው አገኘሁ። የምሄደው ወደ እሱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህን ከአያቴ የተማርኩ ይመስለኛል።

*

አሁን ወደ እህቴ ልመለስ።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ስለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እነግራት ነበር። እማሆይ ገላነሽ የጎጃም ሰው ናቸው። ዓይነ ሥውር ነበሩ፣ ሴትም ነበሩ፤ በዚያ ላይ ወንዶች ብቻ በሚቀመጡበት የቅኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጽላሎ ላይ ወንዶች ተማሪዎችን ቅኔ አስተምረዋል። ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ ነው ወደ እሳቸው የሚሄደው። እህቴን ደስ ይላታል፣ ያበረታታታል ብዬ ነበር።

"የት ሄዳ ነው የተማረችው?" አለችኝ።

"የትም አልሄደችም። አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩ፣ ከእሳቸው ነው የተማረችው።"

ዝም አለች። ከዚያ "የኛ አባት ገበሬ ነበር" አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እውነቷን ነው። ሌሊት ተነሥቶ መጥፋት የሚችለው ወንድ ልጅ ነበር። ሴት ልጅ ደበሎ ለብሳ በየመንደሩ ልትዞር አትችልም ነበር። የምትማረው ትምህርት ቤቷ ድረስ ከመጣ ብቻ ነው። ለብዙዎቹ አልመጣም። ስለዚህ የመንገዱ ታሪክ የምንለው የግማሻችን ታሪክ ነው። ሌላው ግማሽ ቁራሹን ሲሰጥ ነው የኖረው።

እህቴ ግን መጥታለች። የምትኖርበት ሠፈርም የገጠር ልጆች ሠፈር ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚገቡትን መንገዶች ያየ ያውቃቸዋል። በፌስታልና በማዳበሪያ የሳምንት ስንቅ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ሽሮ ተሸክመው የሚገቡ ተማሪዎች አሉ። አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ደበሎው ቀርቶ የደንብ ልብስ ሆኗል፣ አኮፋዳውም ማዳበሪያ ሆኗል፤ ከእነሱ መካከል ደግሞ ሴቶች አሉ። የሚያበላቸው ግን የራሳቸው ቤት ብቻ ነው። "በእንተ ስማ ለማርያም" የሚባልበት ደጅ የለም። ቤቱ ካልቻለ ልጁ ይመለሳል፣ አያቴ እንደተመለሱት። ሴት ልጅ ከሆነች ስትመለስ የሚጠብቃት ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ስለዚህ መሄዴን ከመወሰን በፊት መወሰን የነበረብኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ማን ያበላል? ቁጭ ብለን ሦስታችንም ተነጋገርን። እናቴ ከጤፉ አንድ ኩንታል ለእህቴ ልትለይ ሆነ። እህቴ ሁለት የክፍሏን ልጆች ወደ ክፍላችን አምጥታ ኪራዩን ለሦስት ሊከፍሉ ሆነ። አከራያችን ኪራይ አልቀነሱም፤ "ልጆቹን ግን እኔ አያቸዋለሁ" አሉ፣ ይህም ቀላል አይደለም። እኔ ማታ ማታ የምሠራው የትርፍ ሰዓት ሥራ ፈልጌ ያገኘሁትን ልልክ ሆነ፤ ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም።

ሌላም ውል ገባን። በቅኔ ቤት የኔታ ብቻቸውን ሁሉን አያስተምሩም። ከፊት ያለው ተማሪ ከኋላ ያለውን ያስነግራል፣ በዜማ ቤትም የቀደመው ለተከተለው ያስቀጽላል። የተማረ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ለአበላው ገበሬ አይደለም፣ ከኋላው ላለው ተማሪ ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በስልክ ሒሳብና ፊዚክስ ላስነግራት ተስማማን። እሷ ደሞ ለሁለቱ ጓደኞቿ ታስነግራለች። ይህን የጨመረችው እሷ ናት።

*

ከደብረ ማርቆስ የተነሣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ ከገጠር መጥታ ነበር። በሶና ዳቦ ቆሎ በፌስታል አስራ ሰጠችኝ። "ቢያንስ አልጠፋህም" አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እህቴ ፈተና ስለነበረባት ከቤት ተሰነባበትን።

አውቶቡሱ ሉማሜን አለፈ፣ ደጀን ላይ ለፍተሻ ቆመ፣ ከዚያ የዐባይን በረሃ እየተጠማዘዘ ወረደ። ከታች በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ስንሻገር አጠገቤ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ አማተቡ። የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ትምህርት መሆኑን ስነግራቸው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ከጋቢያቸው ሥር ድፎ ዳቦ አውጥተው ቆረሱና "እንካ ልጄ፣ ብላ" አሉኝ። ስንቅ እንዳለኝ ልነግራቸው ነበር። ተውኩትና ተቀበልኩ።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ኔትወርክ አልነበረም። አሥር ጊዜ ያህል ደወልኩ። እሑድ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እሷ ራሷ ደወለች። ሰላምታውን አሳጥራ "ደብተሬን ይዣለሁ፣ ከየት እንጀምር?" አለችኝ።